ቤታችን የገባው ሽጉጥ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማውራት የፈለግኩት ስለ መሣሪያ ነው፣ እዚህ አሜሪካ ሐበሻው ቤት እየገባ ስላለው ሽጉጥ። ለቅሶ ቤት በሉት፣ ክርስትና በሉት፣ ወንዶቹ ሰብሰብ ካሉ ወሬው አይቀርም፤ አንተ ገዛህ ወይ፣ የት ሄደህ ነው የገዛኸው፣ ስንት አለህ… ቨርጂኒያ ለምኖር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም እንግዲህ።

ደግሞ ለምን እንደሚገዛ ይገባኛል። ሱቅ ያለው ሰው አለ፣ ሌሊት ካሸር ላይ ብቻውን የሚቆም፣ አንዴ የተዘረፈ። ሌሊቱን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ከኋላው ጭኖ የሚነዳ አለ። እነዚህን ሰዎች ፈሪ ናችሁ ወይም ጠበኛ ናችሁ የሚል ሰው ኑሯቸውን አያውቅም።

እኔ ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው። አባቴ ቤልጅግ ነበረው፣ ከአያቴ የወረሰው። ምንሽር ያለው ጎረቤት ነበረን፣ በኋላ ደግሞ በኛ አቆጣጠር 1983 ላይ የደርግ ጦር ሲበተን ክላሹ በየቤቱ ገባ። ለኛ ጠመንጃ ንብረትም ክብርም ነው፣ ዓድዋ የዘመተ፣ ጣሊያንን አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጋ ሕዝብ መሣሪያውን ቢወድ አይገርምም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ያ ጠመንጃ ብቻውን አልነበረም። ማን ምን እንዳለው አገሩ በሙሉ ያውቃል። አንዱ ሲሰክር ወይም ከወንድሙ ጋር ሲጣላ ሽማግሌ ገብቶ ጠመንጃውን ይይዝበታል፣ ነገሩ እስኪበርድ ሌላ ቤት ይቀመጣል። ሰው የገደለ እንደሆነ ደግሞ ደም ነው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነው የሚጠየቀው፣ እርቅ እስኪወርድ አገር ጥሎ የሚሰደድ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ ያ መሣሪያ ላይ የስንት ሰው ዓይን ነው ያለው!

ሁሉም ደህና ነበር እያልኩ አይደለም። ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል። የእርሻ ድንበር ጠብ ድሮ በዱላ ተፈነካክቶ በእርቅ ያልቅ የነበረው ክላሽ ሲገባበት በሬሳ ማለቅ ጀመረ። መንግሥትም በኛ አቆጣጠር 2012 ላይ አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥቶ መሣሪያ በፈቃድና በምዝገባ ይሁን ብሏል፣ ወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው ምን ያህል እንደሚራራቅ ግን አገሩን የሚከታተል ሁሉ ያየዋል፣ እሱ የራሱ ኤፒሶድ ይፈልጋል።

እና እዚህ ስንመጣስ? እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አፓርትመንት ውስጥ ኮመዲኖ ውስጥ ያለች ሽጉጥ ማን ያውቃታል? ጎረቤት አያውቅም። አንዳንዴ ሚስትም አታውቅም፣ ይሄን ሰምቻለሁ። ልጅ ግን ያውቃል፣ ልጅ የማያገኘው ነገር የለም። የለመድነውን መሣሪያ ይዘን የሚጠብቀውን መንደር ግን አገር ቤት ትተነዋል።

አሁን ከባዱን ልናገር። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር 2021 ላይ በመሣሪያ የሞተው ሰው 48,830 ነው፣ ከዚህ ውስጥ 26,328ቱ ራሱን ያጠፋ ሰው ነው። ከግማሽ በላይ! ሌባ አይደለም፣ ዘራፊ አይደለም፣ ሰው በገዛ እጁ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በገዛ ቤቱ። በሌላ መንገድ የሞከረ ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ በሽጉጥ የሞከረ ግን ከ10 ዘጠኙ ገደማ አይተርፍም። እኛ ጋ ይሄ ሲደርስ "በድንገት አረፈ" ይባላል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ይለቀሳል፣ ማንም አይጠይቅም። እኔ ይሄን ዝምታ ከልቤ እጠላዋለሁ፤ ሁለተኛውን ልጅ አያድንልንምና።

ትምህርት ቤት የሚደርሰውም ቢሆን መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከቤት ነው የሚወጣው። ሳንዲ ሁክ የሚባል ትምህርት ቤት በፈረንጅ 2012 ላይ 20 ሕፃናትና 6 ትልልቅ ሰዎች የተገደሉበት መሣሪያ የገዳዩ እናት በሕጋዊ መንገድ የገዛችው ነው፣ መጀመሪያ የሞተችውም እሷ ናት። ሚሺጋን ኦክስፎርድ 2021 ላይ የ15 ዓመት ልጅ አራት ተማሪ ገደለ፣ ሽጉጡን የገዙለት ወላጆቹ ናቸው፣ 2024 ላይ እናትም አባትም እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። ልጆቻችን ሎክዳውን ድሪል ብለው መብራት አጥፍተው ጥግ ይዘው ዝም ማለት እየተለማመዱ ነው የሚያድጉት፣ እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ ሳንቆልፍ እናስቀምጣለን። እንዴት ነው ይሄ?

መብት ነው ትሉኛላችሁ፣ አዎ መብት ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 2008 ላይ ለራስ መከላከያ ቤት ውስጥ ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ወስኗል። ከማንም ይነጠቅ አልልም። ግን ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት አሻራ ስጥ፣ የ4 ሰዓት ሥልጠና ውሰድ ስትል መብት ተረገጠ የሚለው አይገባኝም፣ መኪና ለመንዳት እንኳን እንፈተን የለ? ቨርጂኒያም 2020 ላይ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አስጊ የሆነን ሰው መሣሪያ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለጊዜው የሚያስይዝ ሕግ አውጥታለች። ይሄ እኮ ሽማግሌዎቻችን ሲያደርጉት የነበረው ነው! ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ወንድሜ አስፈርቶኛል ማለት ወንድምን መሸጥ አይደለም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የቨርጂኒያ ሽጉጥ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ዲሲ ላይ አይሠራም፣ ሜሪላንድም አይሠራም። ወደ ዲሲ የሚወስደውን ድልድይ ስትሻገር ሽጉጡ መኪናህ ውስጥ ተጎርሶ ካለ ዲሲ ያለፈቃድ በመያዝ እስከ 5 ዓመት ሊያስፈርድብህ ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለህ ከሆነ ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ዲፖርት ሊያስደርግህ ይችላል። ስንት ዓመት የደከምክበት ኑሮ፣ ቤተሰብ የምትረዳበት ሥራ፣ በአንድ የትራፊክ ማስቆም! ኡበር የምትነዱ፣ ድርጅቱ ራሱ ሾፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል።

እኔ ልጄን ሰው ቤት ሳሳድር እጠይቃለሁ፦ ቤታችሁ መሣሪያ አለ ወይ፣ ተቆልፏል ወይ፣ ጥይቱስ ለብቻው ነው ወይ። አንድ አባት መጀመሪያ ተቀየመኝ፣ ሌባ ወይም ገዳይ ያልኩት መሰለው፣ በኋላ ግን ደውሎ ካዝና ገዛሁ አለኝ። ካዝናው ውድ ከሆነባችሁ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች መቆለፊያ ኬብል በነፃ ይሰጣሉ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። የጨነቀው፣ ራሱን ይጎዳል ብላችሁ የምትሰጉለት ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ የእርዳታ ስልክ አለ፣ 988 ነው ቁጥሩ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ እሱ እስኪረጋጋም ሽጉጡን ከቤት አውጡት።