ከደንገጎ ከመውረዳችሁ በፊት

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ሞተረኞች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፦

ዛሬ ስለ ፍሬን ዘይት ልናገር የተነሣሁት የደንገጎን ቁልቁለት ስለማውቀው ነው። ከሐረር ስትመለሱ፣ ዓለማያን አልፋችሁ ደንገጎ ከደረሳችሁ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ እስከ ከተማችን ይወርዳል። ጣታችሁ ከፍሬኑ እጀታ አይነሣም፤ ብዙዎቻችሁ ደግሞ ሰው ወይም ዕቃ ጭናችኋል። ዲስኩና ሸራው ሲፋተጉ የሚፈጠረው ሙቀት ሸራውን በሚገፋው በካሊፐሩ ፒስተን በኩል ዘይቱ ድረስ ይዘልቃል።

ዘይቱ ስለማይታመቅ የእጃችሁን ግፊት ለፒስተኑ ያደርሳል። ከፈላ ግን እንፋሎት ይፈጠርበታል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ያን ጊዜ እጀታው እስከ መሪው ይገባል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ጠዋት ደህና የነበረ ፍሬን ቁልቁለቱ መሃል የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መለያ ነው፤ አዲስ ዶት 4 ዘይት ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም። ነገር ግን በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ እንዳደረ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ከመቶ 3.7 ያህል ውሃ ሲገባበት መፍያው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ስለዚህ አልጎደለም ብላችሁ አትተማመኑበት። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ሞተሩ ቆሞ ቢከርምም ይቀየር። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ።

የትኛውን እንግዛ ለምትሉ፣ መልሱ በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ዶት 5.1 የዶት 4 ዘመድ ነው፤ ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ፈሳሽ ነው። ቁጥሩ ተቀራረበ ብላችሁ እንዳትደባልቁ፣ አደራ። የሞተር ዘይት መጨመርማ በፍጹም! ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ያሳብጣል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ወይ ይነክሳል ወይ ያፈሳል።

ዘይቱ ዝቅ ካለ ለመሙላት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሸራውን እዩ። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ዘይቱ ይወርዳል። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ኋላ ከመመለሳችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በሳሙና ውሃ እጠቡት፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከገባ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። የዲስኩም ትንሹ ውፍረት በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ በታች ከሳሳ ይቀየር። ሰንሰለት በናፍታ የምታጥቡ ደግሞ ዲስኩን ሸፍኑት። ናፍታ የጠጣ ሸራ አይይዝም።

ከፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር ስታስወጡ እጀታውን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ፍቱ፤ እጀታውን ከመልቀቃችሁ በፊት መልሳችሁ እሰሩት። ማጠራቀሚያው ከደረቀ ሥራው ከባዶ ይጀምራል። ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እጠቡት፤ ቀለም ይበላል።

ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ስለሚይዘው ፍሬኑን ያግዘዋል። አሁን ሞተራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ውጭ እንገናኝ፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውንና የሸራውን ውፍረት በየተራ እናያለን።

አመሰግናለሁ።