ከድልድዩ ሥር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሳን ዲዬጎ የሚኖር ሁሉ የኮሮናዶን ድልድይ ያውቀዋል። ባሕር ዳር ለመሄድ ስንቴ ተሻግረንበታል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከሥሩ ስላለው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ድልድዩ የተነሣበት ሰፈር ሎጋን ይባላል። የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍሪዌይ 5 መሃሉን ሰንጥቆት አለፈ። በ1969 ደግሞ ድልድዩ መጣ። የባሕር ኃይል መርከብ በሥሩ እንዲያልፍ ወደ 60 ሜትር ከፍ ማለት ነበረበት። እዚያ ለመድረስ ረጅም መወጣጫ ያስፈልጋል። መወጣጫውን የተሸከሙት የሲሚንቶ ዓምዶች ሰው ይኖርበት በነበረ መሬት ላይ ቆሙ። ቤት ፈረሰ፣ ጎረቤት ተበተነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለነው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሥር የቀረው ባዶ ቦታ መናፈሻ ይሆናል ተብሎ ለነዋሪው ቃል ተገብቶ ነበር። ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ግን ዶዘሮች ገቡ። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ምን ልትሠሩ ነው ብሎ ጠየቀ። ለካ የሚሠራው የፍሪዌይ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ወሬው በአንዴ ሰፈሩን አዳረሰ። ተማሪው ከክፍሉ ወጣ፣ ቤተሰብ ከነልጁ ወጣ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዶዘሮቹን ከበቡ። አካፋና ዶማ ይዘው ቁልቋልና ዛፍ መትከል ጀመሩ። 12 ቀን ከዚያ አልተነቃነቁም። መሬቱም መናፈሻ ሆነ። ስሙም ቺካኖ ፓርክ። ቺካኖ ማለት የሜክሲኮ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነው።

የዚያው ሰፈር ልጅ ሠዓሊው ሳልቫዶር ቶሬስ ግራጫዎቹን ዓምዶች ሲያይ ሥዕል ነበር የሚታየው። በ1973 መሣል ተጀመረ። የሰፈሩ ሰው ብሩሽና ሮለር ይዞ አብሮ ቀባ። ዛሬ ከ80 በላይ ሥዕሎች አሉ። ከቤት አጠገብ የአሮጌ ብረት ማከማቻ እንዲከፈት ተፈቅዶ ስለነበር አንዱ ሥዕል «ሰፈር አዎ፣ የብረት ማከማቻ አይሆንም» ይላል።

እናቴን መጀመሪያ የወሰድኳት ቀን ትዝ ይለኛል። አንዱ ዓምድ ላይ ሜክሲኮዎች የሚያከብሯትን የጓዳሉፔዋን እመቤታችንን ማርያምን አየች። ከላይ መኪናው ይጮኻል። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች። ቋንቋውን አታውቅም፣ ታሪኩን ማንም አልነገራትም። ግድግዳ ማንበብ ግን ከቤተ ክርስቲያን ታውቃለች።

በ1990ዎቹ ድልድዩ ለመሬት መንቀጥቀጥ ይጠናከር ሲባል ሥዕሎቹ ሊጠፉ ነበር። ሰፈሩ እንደገና ተነሣ። መሐንዲሶቹም ሥዕሎቹን የሚያተርፍ ዘዴ ፈለጉ። በ2016 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር አንድ መኪና ከድልድዩ ወድቆ ፓርኩ ውስጥ የነበሩ አራት ሰዎችን ገደለ። ይህንን የምናገረው ከባድ ቢሆንም ነው። ሥዕል ድልድዩን ከሰው ራስ ላይ አያነሣውም።

ብዙ ከተማ መንገዱን ጨርሶ ነው ሠዓሊ የሚጠራው። ዓሣ ያሥላል፣ አበባ ያሥላል። ያምራል፣ ክፋት የለውም። ግን ከቦታው ስለተነሣው ሰው አንድም ነገር አይናገርም። የሎጋን ዓምዶች ማን እንደነበረ፣ ማን እንደቀረ ይናገራሉ። ሰዎቹ ራሳቸው ስለቀቡት ነው።

በሰፈራችን ከፍሪዌዩ ሥር ያለውን ግድግዳ እንሣል ያላችሁ ወጣቶች፣ ሐሳባችሁን ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ንድፍ ከማውጣታችሁ በፊት በዚያ ግድግዳ በኩል በእግራቸው የሚመላለሱትን ጠይቁ። ከሥራ ማታ የሚመለሱትን እናቶች፣ የሶማሌና የሜክሲኮ ጎረቤቶቻችንን፣ ልጆቹን። ግድግዳው የሁላችንም ነው። ብሩሹንም ለሁላችንም ስጡን።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቺካኖ ፓርክ እንገናኝ። አያቶችን ይዛችሁ ኑ። ለእነሱ የሚታጠፍ ወንበር አምጡ፤ ለልጆቹ ወረቀትና እርሳስ እኔ አመጣለሁ።