ቤቴን ሸጥሽው እንዴ?

ባለፈው ሳምንት ስለ አክስቴ ቅጽ እነግራችኋለሁ ብዬ በሌላ ወሬ አልፌዋለሁ፤ ዛሬ የምታውቁት የጎረቤት ዶሮ ካላቋረጠኝ ከዚሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር ልሞክረው።

አክስቴን ለካንሰሯ የጨረር ሕክምና አዲስ አበባ በወሰድኋት ጊዜ፣ ካርድ በሚወጣበት መስኮት ፊት፣ እስክሪብቶውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከጎኔ ቆማለች፤ ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። አድራሻ የሚለው ጋ ስደርስ፣ የከተማው ነዋሪ ከሆነች ቀጠሮው ይቀርብላታል ብዬ፣ ያረፍንበትን የዘመድ ቤት ክፍለ ከተማና ወረዳ ጻፍሁ። ምን እንደጻፍሁ ጠየቀችኝና ነገርኋት።

«አንቺ ልጅ፣ የአዘዞውን ቤቴን ሸጥሽው እንዴ?» አለችኝ።

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ እኔም አልሰረዝሁትም። ቀጠሮው ደግሞ አልቀረበም።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚካሄደው የካንሰር ምዝገባ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው። የሕሙማኑ ቁጥር የሚካፈለው ለከተማዋ ሕዝብ ስለሆነ፣ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ከተቀላቀለ ስሌቱ ይዛባል። በዚያ መዝገብ የማሕፀን በር ካንሰር በሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው፤ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ምናልባት የእኔ አክስት ናት፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ የአዲስ አበባ ሰው የሆነች። መዝጋቢዎቹ ከሌላ ሰነድ አመሳክረው አርመውት ይሆናል። ይሆናል እንግዲህ።

ዕድሜዋንም ቢሆን «ደርግ ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ስላለችኝ 50 ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ለእጅ ይቀላል። የበሽታን ጫና የሚለኩ ሰዎች ግን ያለ ዕድሜ በሞት የጠፉ ዓመታትንና ከሕመም ጋር የተኖሩ ዓመታትን ነው የሚደምሩት፤ ሟች በዕድሜ ባነሰች ቁጥር የጠፋው ዓመት ይበዛል፤ ስለዚህ 55 ከነበረች፣ ያልተነጠቀችውን አምስት ዓመት ያህል ጨምሬላታለሁ ማለት ነው። ከሕመም ጋር ለተኖረው ዓመት ደግሞ ከዜሮ (ሙሉ ጤና) እስከ አንድ (ሞት) ክብደት ይሰጡታል፦ ምርመራና የመጀመሪያ ሕክምና 0.288፣ የተሰራጨ ካንሰር 0.451። መጀመሪያ ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን ክብደቱ የወጣው ታንዛኒያንና ባንግላዴሽን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ለተራ ሰዎች የሁለት ሰዎችን ሁኔታ እየገለጹ «ከእነዚህ ከሁለቱ ጤነኛው የቱ ነው?» እያሉ በመጠየቅ መሆኑን ሳውቅ ንዴቴ በረደ። እሷን ቢጠይቋት ግን መልሷን እገምታለሁ፤ ሕመሙን ሳይሆን የአውቶቡሱን መንገድ ነበር የምታማርረው።

ለቅሶ የደረሳችሁኝ ሰዎች፣ ያን ዕለት ስለ ቅጹ ለምን ለማንም እንዳልተናገርሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ካርዱን ሄጄ ላሳርም ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አድራሻው ቀላል ነው፤ ዕድሜዋን ግን ታላቅ ወንድሟን ብጠይቀው እሱም የሚቆጥረው በጥጃ ነው፣ እና የትኛዋ ጥጃ እንደነበረች… ይኸው ዶሮው ጀመረ፤ ቆይ መስኮቱን ልዝጋው።