የዘመድ ማርማላታ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ድመቷ የጠየቃችሁኝ፣ ደህና ናት፤ አሁንም ማይክሮፎኑ ሥር ተኝታለች። የዛሬው ወሬ ግን ስለ ብልቃጡ ነው። አዎ፣ መጻሕፍቱ አጠገብ የተቀመጠው። ባለቤቴ "ወይ ብላው ወይ ጣለው" ብላኛለች። እኔ ሁለቱንም አልቻልኩም።

ሩሲያ፣ ፑሽኪንስኪዬ ጎሪ መሄዴን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ መናኸሪያው ላይ የሆነውን ነው። ከፕስኮቭ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ትሄዳላችሁ፤ ጫካ፣ ሜዳ፣ እንደገና ጫካ። ከዚያ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የወረዳ መቀመጫ ትደርሳላችሁ። የሌኒን መንገድ አላት፣ የወረዳ አስተዳደር አላት፣ ከቤቶቹ ጓሮ ድንች አለ። ድሮ "ቅዱሳን ተራሮች" ነበር የምትባለው፤ በሶቪየት ዘመን ቅዱሳኑ ወጡና ባለቅኔው ፑሽኪን ገባ።

ገዳሙ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ በ1569 በአስፈሪው ኢቫን ትእዛዝ የተመሠረተ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ባለፈው ግራ ያጋባኋችሁን ይቅር በሉኝ።) ፑሽኪን በ1836 እናቱን እዚያ ሲቀብር ለራሱም ከጎኗ ቦታ ገዝቶ ሄደ። ዓመት ሳይሞላው፣ በክረምት፣ ሬሳው ከፒተርስቡርግ በበረዶ ጋሪ መጣ። በልጅነቱ ከአፍሪካ ወደ ሩሲያ የተወሰደው ቅድመ አያቱ የጋኒባል ልጅ ኦሲፕም፣ የፑሽኪን እናት አባት፣ እዚያው ነው የተቀበረው። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ። ሻማ የምትሸጠው ሴት አፏን በነጠላዋ... በነጠላዋ አልኩ? በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። እንግዲህ ሽታው የእጣን ነው፣ ሴቶቹ ተከናንበዋል፤ እግሬ ምን ያድርግ?

ወደ መናኸሪያው ልመለስ። አንዲት ባቡሽካ፣ አሮጊት ማለት ነው፣ ባልዲ ሙሉ እንጉዳይና ሦስት ብልቃጥ ማርማላታ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "ከየት ነህ ልጄ?" አሉኝ። "ከኢትዮጵያ።" ተነሡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ በአንድ በኩል፣ ከዚያ አገላብጠው በሌላው በኩል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "ናሽ!" አሉ። የኛ! ከዚያ ባሻገር ወዳለችው ሻጭ ዞረው "የአሌክሳንድር ሰርጌየቪች ዘመድ መጣ!" ብለው ተጣሩ። ፑሽኪንን ማለታቸው ነው፤ ስለ ጎረቤታቸው የሚናገሩ ነው የሚመስሉት።

እኔ ምን አልኩ? "ዳ" አልኩ። አዎ። አንዲት ፊደል። ደግሞ እኮ አንገቴን ሰበር አድርጌ ነው፤ ልክ ለቅሶ እንደመጣ ዘመድ።

አያችሁ፣ እኛ አዲስ አበባ ፑሽኪን አደባባይ ታክሲ ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ፑሽኪን በጋኒባል በኩል ሐበሻ ነው ሲባል ነገሩን አንጠይቅም። ጋኒባል ግን በ1742 ለሩሲያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ የተወለድኩት በላጎን ከተማ ነው አለ እንጂ ሐበሻ ነኝ አላለም። ሐበሻ ነው የሚለው የአማቹ ጽሑፍ ነው። በ1899 አኑቺን የሚባል ሩሲያዊ ምሁር ላጎንን መረብ ማዶ ወዳለው ሎጎ አመጣው። እሱም ቢሆን ዛሬ ኤርትራ ነው፤ ሌላ አገር። ቆይቶ ደግሞ ዲዩዶኔ ኛማንኩ የተባለ ቤኒናዊ ተመራማሪ፣ አይደለም፣ በቻድ ድንበር አጠገብ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ቢርኒ ናት ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ጥሩ ነው። አንብቤዋለሁ። መናኸሪያው ላይ ከመቆሜ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው።

ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡ። "ከዘመድ አይወሰድም" ብለው ብልቃጡን ደረቴ ላይ ለጠፉት። ለካሜሩናዊው ጓደኛዬ፣ የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ የነበረው፣ ደውዬ ነገርኩት። ሳቀና "ግማሹን ላክልኝ" አለ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን...

ምናልባት እኮ ለማንም እንደዚያው ይሉ ይሆናል። ልጆቻቸው ፒተርስቡርግ ገብተው እንደቀሩ ነግረውኛል፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሆነ ሰው ዘመድ ሊሆንላቸው ይችላል። ወይም እኔ ነኝ የፈለግሁት። እዚያው ፒተርስቡርግ ስድስት ዓመት ኖሬ ማንም "ናሽ" ብሎኝ አያውቅም። ብዙ ሌላ ነገር ተብያለሁ፤ ሜትሮ ውስጥ የተባልኩትን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እና አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ የኛ ሲልህ፣ "እማማ፣ ጉዳዩ አከራካሪ ነው" ትላለህ? ማለት ነበረብኝ? አላውቅም። አውቶቡሱም ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። አይ፣ እሱ ሰበብ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ክዳኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በእስክሪብቶ የፍሬው ስምና ዓመቱ ብቻ ተጽፎበታል። የፍሬውን ስም በአማርኛ ምን እንደምለው አልመጣልኝም፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ረግረግ መሬት ላይ የምትበቅል፣ የምትኮመጥጥ። ትናንት አቧራውን ልጠርግ ሳነሣው ክዳኑ መሃሉ ላይ ትንሽ አብጧል። ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ አላየችም፤ ይህንን ክፍል ደግሞ አታዳምጥም ብዬ... ቆይ፣ ድመቷ ወዴት ሄደች?