ስለ ልጆቻችን ቋንቋ፦ የካናስ (በፔሩ፣ ኩስኮ ያለች ደጋማ አውራጃ) ተወላጆች ማኅበር የዓመታዊ ስብሰባ መክፈቻ ንግግር

ታይታኩና፣ ማማኩና! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሊማ ዳር ሰፈሮች አውቶብስ እየቀያየራችሁ የመጣችሁ፣ ተባረኩ። የአዳራሹ ጣሪያ ተጠግኗል። ሐዘን ለደረሰባቸውም ደርሰናል። ሂሳቡን ገንዘብ ያዣችን ታነብላችኋለች። እኔ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነገር ላውራ።

የአያቶቻችን ቋንቋ የኬችዋ ክፍል ለልጆቹ ሲከፈት፣ ልጁ በዝቶ ወንበር ተበድረን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የመጡት ሦስት ልጆች ናቸው። ቤት ለቤት ዞሬ ወላጆችን ጠየቅኩ። "ስፓኒሻቸው ይበላሻል" አሉኝ።

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛን በስፓኒሽ "ሜሳ" እላለሁ ብዬ "ሚሳ" አልኩ። ሚሳ ቅዳሴ ነው። ሁሉም ሳቁብኝ። የኛ ቋንቋ አናባቢ ሦስት ነው፣ የስፓኒሽ አምስት፤ ጥፋቴ ይኸው ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እናቴ ገበያ መሃል በኬችዋ ስትጠራኝ እንዳልሰማ አልፋት ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመንደራችን የሱሪማና ልጅ ቱፓክ አማሩ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኛው ምድር ተነስቶ በስፔን ገዢዎች ላይ አመፀ። በ1781 የተፈረደው በሱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡም ልብሱንና ቋንቋውን ይተው ተባለ። አያቶቻችን አልተዉም። በካናስ ዋና ከተማ ያናዎካ ላይ፣ በ3,900 ሜትር ከፍታ ብርድ፣ ባለ ሱፉን አልፓካ እየጠበቁ፣ ድንቹን በውርጭ አድርቀው ቹኞ እያደረጉ በዚሁ ቋንቋ ልጅ አሳደጉ። በ1975 ፔሩ ራሷ ኬችዋን የመንግሥት ቋንቋ አደረገች። እኛ ግን ማንም ሳይከለክለን፣ በገዛ ቤታችን፣ ልጆቻችንን ዝም አሰኘናቸው።

የሣር ገመድ ድልድያችንን ቄስዋቻካን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየሰኔው እያንዳንዱ ቤት የጎነጎነውን የሣር ገመድ ይዞ ይወጣል፤ አሮጌው ድልድይ ተቆርጦ አዲሱ ይዘረጋል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሳይታደስ ቀረ። በ2021 መጋቢት ላይ አፑሪማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሰኔ ላይ መልሰው ሠሩት፤ መጎንጎን የሚችል እጅ ስለነበረ። ኬችዋ ከልጆቻችን አፍ ከጠፋ ግን ማን ነው መልሶ የሚያስተምራቸው?

ዛሬ ያልመጣችሁ፣ ዘመዶቻችሁ ይንገሯችሁ። ለካርኒቫል ጭፈራ ይህ አዳራሽ ይጠባችኋል። ለልጆቻችሁ ጉዳይ ግን ወንበራችሁ ባዶ ነው። ከፍቶኛል፣ አልደብቅም። ቢሆንም ቋንቋችን "እኛ" የሚልበት ሁለት ቃል አለው። ኖቃይኩ አድማጩን ያስቀረዋል፤ ኖቃንቺስ አብሮ ይዞት ይሄዳል። እኔ ዛሬም ኖቃንቺስ ነው የምላችሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ክፍሉ ክፍት ነው። የልጅ ልጄን ይዤ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።