ስግድ በኢየሩሳሌም፦ በበዓሉ ዋዜማ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ልጆቻችንም፤ እንኳን ለእኛ ለቤተ እስራኤል፣ ለኢትዮጵያ አይሁድ፣ የስግድ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ነገ በአይሁድ አቆጣጠር የሄሽቫን ወር 29፣ ከአስተስርዮ ጾም (ዮም ኪፑር) በኋላ 50ኛው ቀን ነው። አገር ቤት ሳለን እናቶች በዚህ ዋዜማ ነጭ ልብስ ያጥቡ፣ ዳቦ ይጋግሩ ነበር። በማግስቱ ሕዝቡ ገላውን ታጥቦ፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ ኦሪት የያዙትን ቄሶች ተከትሎ ተራራ ይወጣል፤ ከጎንደር አካባቢ ለመጣን የአምቦበር ዳገት ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋም። አያቴ ያንን ዳገት የምትወጣው በራሷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ነበር። ልርዳሽ ቢሏት እሺ አትልም፤ ከላይ ስትደርስ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ታስቀምጠውና ግንባሯ መሬት እስኪነካ ትሰግዳለች።

ቄሶቹ በሲና የተሰጠውን ሕግ፣ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱትም በዕዝራና በነህምያ ዘመን ቃል ኪዳናቸውን ያደሱበትን ታሪክ በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙልን ነበር። ጸሎቱ ሲያበቃ በዝማሬና በእልልታ ወርደን ጾማችንን እንፈታለን።

ዛሬ በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ቆመን፣ ቤተ መቅደሱ የነበረበትን ተራራ በዓይናችን እያየን እንሰግዳለን። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴትም በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል። ታዲያ ወጣቶቻችን፦ «የተመኘነው አገር ከገባን በኋላ ለምን እንጾማለን?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ስመልስበት ብዙ ጊዜ ተቸግሬበታለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ከነህምያ መጽሐፍ፣ ከ9ኛው ምዕራፍ ነው። ማቅ ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ ትቢያ ነስንሰው የጾሙት እነዚያ ሰዎች በባቢሎን ወንዝ ዳር አልነበሩም። ከምርኮ ተመልሰዋል፣ የኢየሩሳሌምንም ቅጥር ሠርተው ጨርሰዋል። ከቀኑ ሩብ ያህሉን ሕጉን ሲያነቡ፣ ሌላውን ሩብ ኃጢአታቸውን ሲናዘዙና ሲሰግዱ ዋሉ። አያቴ ወደ ኢየሩሳሌም ለመግባት ስትለምን የኖረችበት ስግድ ከመጀመሪያው እዚህ ደርሰው ለቆሙ ሰዎችም ነበር ማለት ነው።

ነገ ቄሶቻችን ይህንኑ ምዕራፍ ያነቡልናል። ወጣቶች፣ እባካችሁ ከኋላ አትቅሩ፤ ወደ ፊት ቀርባችሁ ስሙ፣ ያልገባችሁን የግዕዝ ቃል አጠገባችሁ ያሉትን አባት ጠይቁ።