የትናንት ሰገራ፣ የዛሬ ስላይድ
(ጅማ ለተሰበሰቡ የላብራቶሪና የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከየወረዳው ጤና ጣቢያ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ርእሱን ስታዩ «ዛሬም ትል?» ያላችሁ አትጠፉም፤ አልፈርድባችሁም። የሰገራ ምርመራ ወንበር ማንም የማይሻማበት ወንበር ነው። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ እዚያ እናስቀምጠዋለን፤ ልምድ ያለው ደግሞ ወደ ኬሚስትሪ ማሽኑ ይሄዳል። እኔ ብሆን ገልብጬ ነበር የምመድባቸው። ማሽኑ ቁጥሩን ራሱ ያወጣል፤ ሰገራ ላይ ግን ፈራጁ የመርማሪው ዓይን ነው።

ጅራፍ ትልን አልነካም፤ በሁለቱም ጫፍ መወተፊያ ያለውን እንቁላል አንዴ ያየ ሰው ከሌላ አያምታታውም። የወስፋት እንቁላልም ሻካራ ሽፋኑ ሲላጥ የመንጠቆ ትል ይመስላል እንጂ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ረጋ ብሎ ያየ ይለየዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ረጋ ብሎ ማየት ብቻውን የማያድንበት ቦታ ነው።

መንጠቆ ትልን እንውሰድ። የሁለቱ ዝርያዎቹ፣ የኔካቶር አሜሪካነስና የአንኪሎስቶማ ዱዎዴናሌ፣ እንቁላል አንድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብታፈጡበትም አይለይም። ለመለየት እጩን ማሳደግ ወይም ፒሲአር (የዘረመል ምርመራ) መሥራት ያስፈልጋል። ለሕክምናው ግን ሁለቱም መድኃኒታቸው አንድ ስለሆነ «የመንጠቆ ትል እንቁላል ታይቷል» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ከዚያ አልፎ ዝርያውን የጠራ ያላየውን ጽፏል።

መከራው የሚመጣው እንቁላሉ ሲፈለፈል ነው። ከሰቃ ጨቆርሳ ገጠር የሚመጣ ገበሬ አስቡ። ሰገራውን በክብሪት ቀፎ የያዘው ትናንት ጠዋት ነው። መኪና አጣ፣ አደረ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰ፤ ካርድ ክፍል ተሰለፈ፣ ሐኪም ዘንድ ተሰለፈ። ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ከአንድ ቀን በላይ አልፎታል። በዚህ ሙቀት የመንጠቆ ትል እንቁላል በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ይፈለፈላል። እናንተ የምታዩት የሚላወስ እጭ ነው። ትኩስ ሰገራ ውስጥ እጭ ካያችሁ ስትሮንጂሎይድስ (በሰገራ እንቁላሉ ሳይሆን እጩ የሚወጣ ሌላ የአንጀት ትል) ነው ብላችሁ መጠርጠራችሁ ትክክል ነው። በቆየ ሰገራ ውስጥ ግን ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው አምስት ደቂቃ መስጠት የሚገባው። አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ፤ እጩ ይቆማል፣ ውስጡም ይጎላል። ከዚያ በ40 ሌንስ ወደ አፉ ሂዱ። የመንጠቆ ትል እጭ የአፉ ቱቦ ረጅም ነው፤ የስትሮንጂሎይድስ አጭር ነው፣ አንዳንዴ አለ ለማለትም ያስቸግራል። ቀጥሎ ወደ ሆዱ ውረዱ። ከመሀል አካባቢ የመራቢያ አካሉ መነሻ ጎልቶ ከታየ ስትሮንጂሎይድስ ነው፤ በመንጠቆ ትል ላይ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ፈልጋችሁም ላታገኙት ትችላላችሁ። ሁለቱን ምልክቶች አብራችሁ ተመልከቱ፤ በአንዱ ብቻ አትፍረዱ።

ይህ ሁሉ ለምን? ለመንጠቆ ትል 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ ይሰጣል። ያው አንድ ክኒን ለስትሮንጂሎይድስ አይበቃም፤ የሚሠራለት በክብደት ተሰልቶ፣ በኪሎ 200 ማይክሮግራም የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ነው። ይህ ትል ደግሞ እዚያው ሰውየው ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። በባዶ እግሩ ቡና ሲለቅም የተያዘ ወጣት ሸምግሎ አስም ይይዘውና የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ስቴሮይድ ይታዘዝለታል። ያኔ እጩ በመላ ሰውነቱ ሊሰራጭ ይችላል፤ ሰውየውም ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ ስቴሮይዱን የጻፈው «እጭ አልታየም» የምትል ወረቀታችንን አምኖ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቷም ብዙ ጊዜ አትታመንም። የስትሮንጂሎይድስ እጭ በሰገራ የሚወጣው ጥቂትና እየቆራረጠ ስለሆነ በአንድ ስላይድ ያመልጣል። እጩን ከሰገራው ለይቶ የሚያወጣው የቤርማን ዘዴ የሚጠይቀው ፈነል፣ የጎማ ቱቦ፣ ማነቂያ፣ ጎዝና ለብ ያለ ውኃ ነው። እጩ ሙቀቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር ቀድታችሁ ታያላችሁ። ዕቃ የለንም የሚለውን ምክንያት በዚህ ላይ አልቀበልም።

ካቶ-ካትዝ (የትል እንቁላል የሚቆጠርበትን ዘዴ) የምትሠሩት ደግሞ ሰዓታችሁን አትርሱ። 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ላይ የቆጠርነውን፣ በአንድ ግራም ስንት እንቁላል እንዳለ ለማወቅ፣ በ24 እናባዛለን፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚዘነጋው ግሊሰሪኑ የመንጠቆ ትልን እንቁላል እንደሚያሟሟው ነው። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተነበበ እንቁላሉ ከዓይን ይጠፋል። የቢልሃርዚያ እንቁላል ከነጎን እሾሁ ስለሚቆይ ስላይዱ ደህና ይመስላል። ጠዋት ትምህርት ቤት ተሠርቶ ማታ ከተማ ውስጥ የተነበበ ስላይድ «እዚህ ቢልሃርዚያ አለ፣ መንጠቆ ትል የለም» ይላችኋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የክኒን ዘመቻ ይታቀዳል።

ኮሶ ላይ ሳይስቅ የሚናገር የለም፤ ቁርጥና ክትፎ ያለበት አገር ነውና። እንቁላሉን ብቻ አይታችሁ ግን «ቴንያ ሳጂናታ» ብላችሁ አትጻፉ። የሳጂናታና የሶሊየም (የከብትና የአሳማ ሥጋ ኮሶ) እንቁላል በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ «የቴንያ ዝርያ» በሉ። የከብት ሥጋ ስለምንበላ ሳጂናታ ነው ማለት ግምት ነው፣ ምናልባትም ትክክለኛ ግምት፤ ግን በላብራቶሪ አልታየም። የወጣ የትሉ ቁራጭ ከመጣላችሁ ተገላገላችሁ፤ ቻይና ቀለም በቀጭን መርፌ ወግታችሁ የማህፀኑን ቅርንጫፍ በአንድ ጎን ቁጠሩ። ሶሊየም ከ7 እስከ 13፣ ሳጂናታ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 አለው። ሳጂናታም አንዳንዴ እስከ 12 ስለሚወርድ 12 እና 13 ላይ ስትደርሱ ሌላ ቁራጭ ጠይቁ። ጓንት ሳታደርጉ ደግሞ እንዳትነኩት፤ የሶሊየም እንቁላል አፍ ከገባ እጩ አንጎል ድረስ ሄዶ የሚጥል በሽታ ያመጣል።

ስለ ዱለት አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅ፣ ክዳን ያለው የፋሲዮላ (የጉበት ትል) እንቁላል ሰገራ ውስጥ ስታዩ ሰውየው ጉበት በልቶ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትጻፉ። የታመመ ከብት ጉበት የበላ ሰው እንቁላሉ በአንጀቱ አልፎ ይወጣል እንጂ እሱ ራሱ አልታመመም። ጥቂት ቀን ጉበት ይተውና ይደገምለት። ያኔም እንቁላሉ ከታየ ሕክምና ይጀመራል።

ከጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የምለምነው ቀላል ነው፤ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ሰገራው የተሰጠበት ሰዓት» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። የሐኪሞቹ ድርሻ ደግሞ ስቴሮይድ ሊያዝዙ ሲሉ እጭ እንዲፈለግ በግልጽ መጻፍ ነው። ከሻይ በኋላ በጎን ባለው ክፍል አራት ማይክሮስኮፕ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ ላይ የስትሮንጂሎይድስ፣ ሁለቱ ላይ የመንጠቆ ትል እጭ አለ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ስጡኝ፤ አፉንና የመራቢያ አካሉን ያልጠቀሰ መልስ አላርምም።